ቀዳዳ የሌለው ወንፊት

«እውነት ነው» አልክ? እሺ፣ እውነት ነው። ድምፁ የእህቴ ነው፣ አልካድኩም። ቃሉም የሷ ነው። አንተም አልሰረቅክም፣ የሰረቀው ሌባው ነው፣ አንተ ድንጋይ ላይ ወጥተህ ለፈፍክ እንጂ ሌላ ምን አደረግክ። ቆይ ግን ደርበው አብሮ አደጌ፣ እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ይለፈፋል እንዴ? አንተ ምን ያህል ከጎረመስክ በኋላ ፍራሽ ላይ መሽናት እንዳቆምክ እኔ አውቃለሁ። እውነት ነው። ነጋሪት ላስመታበት?

ቅልህ ትናንት ደረሰኝ። ውታፉን ነቅዬ ሰማሁት፣ ደግሜ ሰማሁት። «አንተ ስለ ሥራችን ምን ታውቃለህ» ያልከው ጋ ስደርስ ግድግዳ ላይ ልከሰክሰው ብድግ ብዬ ነበር፣ ቅሉ ምን አጠፋ ብዬ ተውኩት። ይሄው እኔም ባዶ ቅል አንስቼ በረቱ ደጃፍ ቁጭ ብያለሁ። ድምፄ ከፍ ካለብህ ከጆሮህ ራቅ አድርገው።

ደግሞ ይሄ ቅል አንተ ጋ ከመድረሱ በፊት ሌላ ሰው እንደሚከፍተው አውቃለሁ። አሁን አሁን ያልተከፈተ ቅል የት አለ። ስለዚህ አንተ የምታውቀውን ሁሉ እያስረዳሁ ነው የምሄደው። ሰርቀህ የምትሰማው ወንድሜ፣ ተመቻችተህ ቁጭ በል። ከሌላ አገር ከሆንክ ነገሩ እንዳይጠፋብህ ከሥሩ ነው የምጀምርልህ።

በኛ አገር ሰው አይጽፍም። ለሩቅ ሰው ነገር ያለው ሰው የደረቀ ቅል ያነሳል፣ አፉን ከቅሉ አፍ ገጥሞ ይናገራል፣ ሲጨርስ ይወትፈዋል፣ ውታፉን በሰም ያሽገዋል፣ በበቅሎ ይልከዋል። የተላከለት ሰው ውታፉን ሲነቅል ድምፁ ይወጣል። ሳቁም፣ ሳሉም፣ ከጓሮ የጮኸችው ዶሮም ሳትቀር ትወጣለች። ችግሩ ቅል ሰው አይለይም። ለከፈተው ሁሉ ይናገራል፣ በተከፈተም ቁጥር ይናገራል። ለዚህ ነው የጥንቶቹ «ቅል የሁለት ሰው ነው፣ የተናገረው አፍና የተላከለት ጆሮ፤ ሦስተኛ ጆሮ ሌባ ነው» ብለው ሕግ ያቆሙት። ይሄን ሕግ እኛ ገና ሳንራመድ ነው የተማርነው። አንተም ተምረኸዋል፣ እናቴ ስታስተምረኝ አጠገቤ ነበርክ፣ ቂጣዋን እየበላህ።

የሁሉ የሆነ ነገር ሲኖር ደግሞ ለፋፊዎች አሉን። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው መሃል ካለው ድንጋይ ላይ ወጥተው ነጋሪት አስመትተው ይናገራሉ። አያቴ ሲያወራ፣ ድሮ ለፋፊ አንገቱ ላይ ወንፊት ያንጠለጥል ነበር። የምር ወንፊት፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ። ጌታው የጠፋ ወይም የተሰረቀ ቅል ለፋፊው እጅ ከገባ፣ ድንጋዩ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሽማግሌዎች ፊት ይቀመጣል። ከወንፊቱ ላይ አንድ እፍኝ ዱቄት ያደርግና እየነፋ ራሱን ይጠይቃል፣ ጮክ ብሎ፣ ሁሉ እየሰማው። ይሄ የአገር ነገር ነው የአንድ ቤት? የተናገረው ሰው ደጅ ሄጄ «ያንተ ነው ወይ፣ ምን ትላለህ» ብያለሁ? እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ ወይስ የጣፈጠኝን ቆርጫለሁ? ያመጣልኝስ ሰው ምን ፈልጎ አመጣልኝ? ምርቱ ይወርዳል፣ ግርዱ ከላይ ይቀራል። የወረደውን ይለፍፋል። የቀረውን መልሶ በሰም ያሽግና ለባለቤቱ ደጁ ድረስ ይወስድለታል፤ በሩ ላይም ጎንበስ ብሎ «ጆሮዬ ሳላዘው ገብቶብህ ነበር፣ ይቅር በለኝ» ይላል።

አያቴ ይሄን ሲያወራ ተረት ይመስለኝ ነበር። የዛሬውን ሊቀ ለፋፊ አያልቅበትን እያየሁ ስላደግኩ ነዋ።

አያልቅበት ሲሾም ምን አለ? «የፈረስ ጭራ ለክብራችን አይመጥንም፣ ወንፊቱ በብር ይሠራ» አለ። አንጥረኛው «ጌታዬ፣ ቀዳዳውን እንዴት ላድርገው» ብሎ ቢጠይቀው «ቀዳዳ ካበዛህበት ብሩ ይሳሳል» ብሎት አረፈ። ይሄው ሁላችሁም ደረታችሁ ላይ የምታብረቀርቅ ክብ ብር አንጠልጥላችሁ ትዞራላችሁ። ወንፊት ትሏታላችሁ። ምንም አይወርድባትም፣ ምንም አይቀርባትም። ድንጋዩ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ጥምጣማችሁን ታስተካክሉባታላችሁ።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ።

ለሰሚው ሌባ ልንገረው፤ አገራችንን ወንዝ ለሁለት ከፍሎታል። መኖሪያው ወዲህ፣ ገበያው ወዲያ ነው። መሃሉ ላይ የገመድ ድልድይ አለ። ከዚያ ሌላ መሻገሪያ ታንኳ ብቻ ነው፣ ታንኳ ደግሞ የሹማምንት ነው። ማናህሎሽ፣ እህቴ፣ ድልድይ ቤት ገመድ ገማጅ ናት። በድልድዩ ላይ የሚያዘው የድልድይ ሹሙ ነው፤ ገመድ በእጁ ነክቶ አያውቅም፣ በዓመት አንድ ጊዜ ግን የድልድዩ ልደት ሲከበር አዲስ ካባ ይለብሳል። የልደቱ ሥርዓት ምን መሰለህ፣ ሕዝቡ ሁሉ፣ ሽማግሌ የለ ሕፃን የለ፣ ድልድዩ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ይቆምና ነጋሪት ሲመታ እኩል ይዘላል። ድልድዩ ደስ እንዲለው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ያልዘለለ ሰው ግን «ድልድዩን ጠላ» ተብሎ ይከሰሳል።

ያን ቅዳሜ እኔ ገበያው ዳር በቅሎዎቼን እያራገፍኩ ነበር። ነጋሪት ሰማሁ። ቀና ስል አያልቅበት ድንጋዩ ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ ጆንያ ሙሉ ቅል ተዘርግፏል፣ አንተ ደግሞ ላይ ቆመሃል። «ከድልድይ ቤት ሾልኮ የወጣ ምስጢር» አልክ። ሰዉ ግር ብሎ መጣ። እኔም መጣሁ፣ ልደብቅህ አልችልም፣ ምስጢር ሲባል የማይመጣ ማን አለ።

ከዚያ የእህቴን ቅል ከፈትክ።

ለአስካለ የላከችው ነው። አስካለ አብሮ አደጓ ናት፣ ደጋ ነው ያገባችው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ለሷ ያልነገረችው ነገር የለም። «አስኩዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ ነው የምትጀምረው። ያንንም ለፈፍከው እኮ። «ለማንም እንዳትነግሪ» የሚለውን ራሱን ለአገር ለፈፍከው፣ ሰዉም ሳቀ። ከዚያ «ሥራዬ ገመድ ነው፣ ግን ድልድዩ ላይ ስወጣ እግሬ ይከዳኛል። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ‹እማዬ ያዢኝ› እያልኩ ነው የምሻገረው። እንደ ሕፃን። ሳቂብኝ እንግዲህ» ትላለች።

ቅሉ ራሱ መናገሩ አልበቃህም። አንተ ደግሞ ደገምከው። ድምፅህን አቅጥነህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ እጅህን ወደ ፊት ዘርግተህ፣ «እማዬ ያዢኝ፣ እማዬ ያዢኝ» እያልክ ድንጋዩ ላይ ተንገዳገድክ። ጥሩ አስመሰልካት። ቲማቲም ሻጮቹ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ደርበው፣ ያቺ «እማዬ» ያልካት የማን እናት ናት? ስትሞት ቃሬዛዋን በቀኝ በኩል የተሸከምከው አንተ አልነበርክም?

ቆይ ውሃ ልጠጣ።

እሺ። ምን እያልኩ ነበር፣ አዎ። ሰዉ ሲስቅልህ ውታፉን መልሰህ ደፈንከው። እዚያ ጋ። ሳቁ ሳይበርድብህ። የሚቀጥለውን ምን እንደምትል እኔ ኋላ ከራሷ ነው የሰማሁት። «ድሮ አልፈራም ነበር፣ ታውቂያለሽ፣ ሮጬበት ነው ያደግኩት። የፈራሁት ገመዱን ፈትቼ ውስጡን ካየሁ ወዲህ ነው። ከላይ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ በስብሷል አስኩዬ። ለሹሙ ነግሬያለሁ» ትላለች። ይሄ ነበር ቀጥሎ ያለው። አንዲት ትንፋሽ ብትታገስ ኖሮ ትሰማው ነበር። ከአንድ ቅል ውስጥ ግርዱን አውጥተህ ለአገር በትነህ፣ ምርቱን ደፍነህ አስቀመጥከው።

«ሰው የሚወደውን ነው የምንሰጠው» ብለሃል በቅልህ። ሰው የሚወደው ያስለመድከውን ነው። በቅሎዬን ዘወትር ጨው ባስልሳት ገብስ አትነካልኝም፤ ጥፋቱ የሷ ነው?

በነጋታው ወደ ውታፍ ሹሙ ሄድኩ። ለሰሚው ሌባ፣ ቅሎች እንዳይከፈቱ የሚጠብቅ ሹም አለን፣ ባሻ ፈለቀ ይባላል። ወንበሩ ከሰም ነው የተሠራው፣ ለሹመቱ ክብር። ስለዚህ ፀሐይ ስትወጣ መሥሪያ ቤቱ ወደ ዋርካው ጥላ ይዛወራል፣ ጥላው ሲዞር እሱም ይዞራል፣ አቤቱታ ያለው ሰው ግንዱን እየዞረ ይከተለዋል። እኔም ዞርኩ።

«ባሻ፣ የእህቴ ቅል ተሰርቆ ገበያ ላይ ተለፈፈ» አልኩት።

«ውታፉ ተሰብሯል?» አለኝ።

«አልተሰበረም። ተነቅሎ ነው የተከፈተው።»

«እንግዲያው ደህና ነው። እኛን የሚመለከተን የተሰበረ ውታፍ ነው። የተነቀለ ውታፍ ሥራውን ሠርቷል።»

«ባሻ፣ ምስጢሯ እኮ ወጣ።»

«ምስጢር የሚመለከተው ሹም ሞቷል፣ ገና አልተተካም» አለኝና ጥላው ሲዞርበት ወንበሩን አስነሳ። ኋላውን ስከተል አዋጅ አስነገረ። ከድልድዩ ልደት ማግስት ጀምሮ እያንዳንዱ ቅል በላዩ ሁለት ውታፍ ይደረግበታል። የሁለተኛው ውታፍ መንቀያ ግን የሚቀመጠው ባሻ ጋ ነው፣ ለሕዝቡ ደኅንነት ሲባል። ማንም ሰው የተላከለትን ቅል ለመስማት ባሻ ጋ ይመጣል፣ ባሻም አብሮ ይሰማለታል። ሌባው ሦስተኛ ጆሮ ነበር፣ አሁን ሦስተኛ ጆሮ ተሾመልን።

ከዚያ አያልቅበት ጋ ሄድኩ። አንተ ያን ቀን አልነበርክም፣ ስለዚህ እንደነበረ ነው የምነግርህ።

ድንጋዩ ሥር ተቀምጦ ብር ወንፊቱን በጋቢው ጫፍ ይወለውላል። ጆንያው አጠገቡ ነው። እጅ ነሳሁ፣ በጉርብትና አሳድገውኛል፣ ብናደድም እጅ ነሳሁ።

«ጋሼ አያልቅበት፣ የእህቴን ነገር ከመለፈፋችሁ በፊት ቤቷ መጥታችሁ ጠይቃችኋታል?»

«ልጄ፣ በሕጋችን በር የሚንኳኳው ለሹም ነው። የሹም ነገር እጃችን ከገባ በሩን ደጋግመን እናንኳኳለን። ካልከፈተ አንለፍፍም። ከፍቶ እሺ ካላለም አንለፍፍም። እህትህ ሹም ናት?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ የማንን በር ላንኳኳ?» አለና ለአሽከሮቹ ሳቀላቸው። እነሱም ሳቁለት።

«እሺ፣ ጆንያውን ማን አመጣው?»

ፊቱ ተለወጠ። ከወንበሩ ተነስቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ልጄ፣ ቅል ያመጣልንን ሰው ስም አናወጣም። አንገታችን ቢቆረጥ አናወጣም። የሙያችን ክብር ነው።»

«የእህቴን ስም ግን አወጣችሁ።»

«እሷ ቅል አላመጣችልንም» አለኝ። እንዲህ አለኝ ደርበው፣ ዓይኔን እያየ።

ልወጣ ስል ጆንያውን ከመንገዴ ገፋ አደረግኩት። አፉ የታሰረበትን ገመድ ነክቼ እጄን ሳነሳ ጣቶቼ ተጣበቁ። ሰም ነው። አዲስ ሰም የተቀባ አዲስ ገመድ። እንዲህ ያለ ገመድ በአገሩ ላይ አንድ ቤት ብቻ ነው ያለው፣ አንተም ታውቃለህ፣ ድልድይ ቤት ነው። እህቴ ስለ ብስባሹ ለሹሙ ባመለከተች በሳምንቱ፣ ከሹሙ ቤት በወጣ ገመድ የታሰረ ጆንያ፣ የሷን ቅል ከሁሉ በላይ አድርጎ እናንተ እግር ሥር ዱብ አለ። ማን እንደላከው እኔ አላየሁም፣ ያላየሁትን አልምልም። ግን «ይሄ ቅል ለምን ከላይ ተቀመጠልን» ብሎ የጠየቀ አንድ ለፋፊ ጠፋ? ሌባ በር ከፍቶ ሲሰጥህ አትገባም ነበር፣ ማን ቤት ነው ብለህ ትጠይቅ ነበር። ቅል ሲሰጥህ ግን ዘለህ ድንጋይ ላይ ወጣህ። በሬ ካራጁ ይውላል የሚባለው አንተን ነው።

አሁን እህቴ ምን ታደርጋለች መሰለህ? ጠዋት ጠዋት ድልድዩ አፍ ላይ ትቆማለች። ሰው ሊሻገር ሲመጣ እጁን ትይዛለች፣ «ገመዱ ውስጡ በስብሷል፣ አይሻገሩ፣ በኔ ይሁንባችሁ» ትላለች። አንድ ሰው ሰምቷት ተመልሶ አያውቅም። የሚመልሱላት አንድ ነገር ነው። «እማዬ ያዢኝ» ይሏታል። ሴቱ ይላታል፣ ወንዱ ይላታል፣ መቃብር አፋፍ የደረሰው ሽማግሌ ሳይቀር ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን እየነከሰ ይላታል። ፈሪ ስለሆነች ነው ብለው ደመደሙ። ገመዱን የሚያውቅ ሰው ፈርቶ ሲያዩ ገመዱን መመርመር ነበረባቸው፣ እነሱ ግን ፍርሃቷን ይዘው ገመዱን ተሻገሩበት። አንተ ነህ ያስታጠቅካቸው።

ሌላውን ሁሉ ቻለችው። ያልቻለችው የእናትህን ነው።

እናትህ እትዬ ብዙነሽ ባለፈው የጎመን ዘራቸውን ተሸክመው መጡ። ማናህሎሽ እግራቸው ላይ ወደቀች። «እትዬ፣ እርስዎ እንኳ ይስሙኝ» አለች። እሳቸው አልተሳለቁም፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ቀና አደረጓት፣ ግንባሯን ሳሟት፣ «አይዞሽ ልጄ፣ እኔም በልጅነቴ እፈራ ነበር። እናትሽ ከላይ ትይዝሻለች» አሏትና መቋሚያቸውን እየመቱ ተሻገሩ። ድልድዩ ሲንቋቋ እዚህ ማዶ ይሰማ ነበር። እህቴ እስኪደርሱ ድረስ ትንፋሿን አልለቀቀችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅል አትነካም። ለአስካለም አትልክም። ቤት ስትገባም ዝም ነው፣ ራቴን አቅርባልኝ ዝም። እህቴ ድምፅ እንዳላት እየረሳሁ ነው።

አሁን ወደ ቅልህ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሳታስበው አንድ ነገር አምልጦሃል። «የድልድዩን ነገርማ እኛም ሰምተናል» አልክ። «ሹሙ የመለሰው ቅልም ጆንያው ውስጥ ነበር፣ ግን ረጅም ነው፣ ሰው ያዛጋል፣ ደግሞ የሹም ነገር ስለሆነ በሩን አንኳኩተን አልተከፈተልንም» አልክ። ደግሜ የሰማሁት ይሄንን ነው። ሰምታችኋል ማለት ነው። ሹሙ ምን ብሎ እንደመለሰ ታውቃላችሁ። እህቴም ታውቃለች፣ ትእዛዙ የደረሰው ገማጆቹ ጋ ነውና፤ «ገመዱን አዲስ ሰም ቀቡት፣ ልደቱ እስኪያልፍ አፋችሁን ዝጉ» ነው ያላቸው። ሰም ቀቡት። ያብረቀርቃል። እንደ ወንፊታችሁ።

እንዳትሳሳተኝ። የተሰረቀ ቅል ሁሉ ይደፈን አላልኩም። የሹሙን ቅል ሌባ ቢያመጣው፣ ሰይጣን ቢያመጣው፣ መለፈፍ ነበረበት። በሩን አንድ ጊዜ አንኳኩ፣ «ያንተ ድምፅ ነው ወይ፣ ምን ትላለህ» በሉት፣ ካልከፈተ «አንኳኳን፣ አልከፈተም» ብላችሁ ለፍፉት። ጆንያውን ማን እንዳመጣው አትናገሩ፣ እሺ፣ ግን «ያመጣው ሰው የራሱ ፍላጎት ሊኖረው ይችላል» በሉ፣ ሰዉ ይመዝነው። ገመዱን ደግሞ ፈትታችሁ እዩ፣ እዚያው ነው ያለው፣ ሩቅ አይደለም። ያ የአገር ነገር ነው፣ ሕይወት ነው። አንዲት ሴት ስትፈራ የሞተች እናቷን መጥራቷ ግን የማን ነው? የሷና የአስካለ ነው። አሽጋችሁ በሯ ላይ ማድረስ ነበረባችሁ። እናንተ የሹሙን በር ፈርታችሁ የሷን ሰበራችሁ፣ ከዚያ «ደፋር ለፋፊ» እየተባባላችሁ ጠጅ ተጋበዛችሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ትልቁ እሱ ነው።

ለሰሚው ሌባ ልንገረው፣ በኛ አገር ሊቀ ለፋፊው ሳይሻገር ገበያ አይከፈትም። ከጥንት ጀምሮ ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት አያልቅበት ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ አራት ጎረምሶች በትከሻቸው ይሸከሙታል፣ ነጋሪቱ ከፊት፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ ሰዉ ይከተለዋል። እኔ ካወቅኩት ጀምሮ አንድም ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ወንዙ ዳር ሲደርስ ወንበሩን አስወረደ። «ዛሬ ውሃውን ማክበር አምሮኛል» አለ። «ድልድዩን ብቻ እያከበርን ወንዙን አስቀይመናል። ሊቀ ለፋፊ ከእንግዲህ በታንኳ ይሻገራል። ሕዝቡ ግን ሥርዓቱን ሳያጓድል በድልድዩ ይምጣ።» ሰዉ እልል አለ። እንደሱ ለወንዙ የተጨነቀ ሰው አልታየም ብሎ መረቀው። እኔም ሞኙ ቆሜ አየሁ፣ ደስ የሚል ሐሳብ ነው ብዬ በቅሎዎቼን በድልድዩ ነዳሁ። ማናህሎሽ ግን ከድልድዩ አፍ ሆና ታንኳውን ዓይኗን ሳትነቅል ታየው ነበር። ማታ ቤት ስገባ ከስንት ቀን በኋላ አንድ ነገር ተናገረችኝ። «እሱ እስከ መጨረሻው ሰምቶታል» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

አሁን ገባኝ። ሰም ሲቀባ አልገባኝም፣ ጆንያው ሲያጣብቀኝ ግማሹ ገባኝ፣ ያንተ ቅል ሲደርሰኝ ሙሉው ገባኝ።

ነገ ቅዳሜ ነው። ነገ ደግሞ የድልድዩ ልደት ነው። ነጋሪት ሲመታ አገር ሙሉ ድልድዩ ላይ ቆሞ ሊዘል ነው። እናትህ መሃል ላይ ነው የሚቆሙት፣ ሁሌም መሃል ነው የሚቆሙት፣ ከዳር አይታየኝም ይላሉ። ነጋሪቱን የምታስመታው ደግሞ አንተ ነህ።

ስለዚህ ይሄን ቅል ለፍፈው። የተናገረውን ሰው በር ማንኳኳት አለብህ አይደል፣ ይሄው ሳታንኳኳ ልክፈትልህ፤ አዎ፣ ድምፁ የኔ ነው፣ ይበልጣል ጎሹ እባላለሁ፣ በቅሎ ነጂ ነኝ፣ ያልኩትን ብያለሁ። እህቴንም ጠይቄያታለሁ፣ የገመዱን ይናገሩት፣ የእማዬን ይተዉልኝ ብላለች። ስለዚህ የእማዬን ዝለለው። መጀመሪያ ላይ ያልኩትን ያንተን የፍራሽ ነገርም አውጣው፣ እሱ የአንድ ቤት ነገር ነው፣ ተናድጄ ነው፣ ይቅር በለኝ። የቀረውን ግን ሳትቆርጥ ለፍፍ። ዛሬውኑ። ካልደፈርክ ደግሞ ቢያንስ አያልቅበት ፊት ውታፉን ንቀለውና ቅሉን ጆሮው ላይ አድርግለት፣ ከዚህ ወዲያ የምናገረው ለሱ ነው።

ጋሼ አያልቅበት፣ አሳድገውኛልና አሁንም እጅ እነሳለሁ። ወንፊትዎን ይወልውሉ፣ ፊትዎን ይዩበትና አንዲት ነገር ብቻ ይመልሱልኝ፤ ድልድዩ ደህና ከሆነ፣ እርስዎ ለምንድነው በታንኳ የሚሻገሩት?